ወንድ ድመት ሽንቱ ተዘግቶ ከታከመ በኋላ፦ በቤት ውስጥ የሚደረግ ክትትልና እንክብካቤ

የሽንት መዘጋት የሚባለው ሽንት ከፊኛ ወደ ውጭ የሚወጣበት ቱቦ ተደፍኖ ድመቱ መሽናት ሲያቅተው ነው። ድንገተኛ ሕመም ነው። ሙሉ በሙሉ የተዘጋበት ድመት ካልታከመ በሁለት ወይም በሦስት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል። በጊዜ ሐኪም ዘንድ የደረሰ ድመት ግን አብዛኛውን ጊዜ ይድናል።

ይህ ጽሑፍ በዋናነት የተዘጋጀው ድመታቸው ታክሞ ወደ ቤት ለተመለሰላቸው ቤተሰቦች ነው። ከክሊኒክ መውጣት የሕመሙ መጨረሻ አይደለም። እንደገና የመዘጋት አደጋው ከፍ የሚለው ካቴተሩ ከወጣ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው፤ በእነዚያ ቀናት ደግሞ ድመቱን ቀንና ሌሊት የሚያየው ሐኪሙ ሳይሆን እርስዎ ነዎት።

ድመትዎ አሁን፣ ይህን በሚያነቡበት ሰዓት፣ ወደ አሸዋው እየተመላለሰ የሚያምጥና ምንም የማይወጣው ከሆነ ንባቡን አቋርጠው ወደ እንስሳት ሐኪም ይደውሉ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ቢሆንም እስኪነጋ አይጠብቁ።

ለምን በወንድ ድመት ላይ ይበዛል?

የሴት ድመት የሽንት መውጫ ቱቦ አጭርና ሰፋ ያለ ነው። የወንዱ ረጅምና ጠባብ ሲሆን ወደ ብልቱ ጫፍ ሲቃረብ የውስጡ ስፋት ከአንድ ሚሊሜትር በታች ይሆናል። እንዲህ ባለ ቀጭን መንገድ ላይ ለመዝጋት ትንሽ ነገር ይበቃል። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከንፍጥ መሰል ፈሳሽ፣ ከተላጡ ሴሎችና ከጥቃቅን ክሪስታሎች የተጋገረ ለስላሳ ውታፍ ነው። አንዳንድ ጊዜ ትንሽ ጠጠር ይገኛል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ምንም ነገር አይገኝም፤ ቱቦው ራሱ አብጦና ጡንቻው ተኮማትሮ ነው መንገዱን የሚዘጋው።

ከዚህ ሁሉ በስተጀርባ አዘውትሮ የሚገኘው ሐኪሞች «ምክንያቱ በውል ያልታወቀ የፊኛ መቆጣት» የሚሉት ሕመም ነው። ፊኛው ይቆጣል፣ ያብጣል፣ ይደማል፤ ነገር ግን በምርመራ ጀርም አይገኝበትም። በወጣትና በጎልማሳ ድመቶች ላይ የሽንት መዘጋት በባክቴሪያ የሚመጣው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ብዙ ቤተሰቦች «ኢንፌክሽን ይሆናል» ብለው አንቲባዮቲክ ስለሚጠይቁ ይህን ከወዲሁ ማወቅ ይጠቅማል።

በይበልጥ የሚጠቁት ክብደት የጨመሩ፣ ከቤት የማይወጡ፣ ደረቅ ምግብ ብቻ የሚመገቡና ጥቂት ውሃ የሚጠጡ ወንድ ድመቶች ናቸው። ማኮላሸት ቱቦውን ያጠበዋል የሚለው ወሬ በሰፊው ቢሰማም በጥናት አልተደገፈም። የተኮላሸ ድመት ግን በቀላሉ ይወፍራልና ምግቡን መመጠን ያስፈልጋል።

በክሊኒክ የተደረገለት ነገር

ሽንት መውጣት ሲያቅተው ወደ ኋላ ይገፋል፤ ኩላሊትም ማጣራቱን ያቆማል። በደም ውስጥ ቆሻሻና ፖታሲየም ይከማቻሉ። ከሁሉ የሚያስፈራው ፖታሲየሙ ነው፤ ከመጠን ሲያልፍ የልብን ምት ያዘገያል፣ በመጨረሻም ልብን ያቆማል። ስለዚህ ሐኪሙ አንዳንድ ጊዜ ቱቦውን ከመክፈቱ በፊት ልብን የሚጠብቅ መድኃኒትና በደም ሥር የሚገባ ፈሳሽ፣ በተለምዶ ግሉኮስ የምንለውን፣ ይሰጣል። ከዚያ ድመቱ ይደነዝዝና በቀጭን ካቴተር ቱቦው ታጥቦ ይከፈታል። ካቴተሩ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን በቦታው ይቆያል።

«ሽንቱ ከተከፈተ ለምን ክሊኒክ ይቆያል?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ በተለይ ሒሳቡ በየቀኑ ሲጨምር። መልሱ ይህ ነው፦ ኩላሊት ከታፈነ በኋላ ሲለቀቅ ለተወሰነ ጊዜ ከመጠን ያለፈ ሽንት ያፈሳል። የሚወጣው ካልተተካ ድመቱ ፈሳሽ አጥሮት ይደክማል። ፖታሲየሙም በዚህ ጊዜ ከልክ በላይ ሊወርድ ይችላል። የሽንቱን መጠን በየሰዓቱ ለክቶ ፈሳሹን መመጠን ቤት ውስጥ የሚሠራ ሥራ አይደለም።

ከመውጣትዎ በፊት ሐኪሙን አራት ነገር ይጠይቁ፦ ካቴተሩ ከወጣ በኋላ ድመቱ በራሱ ሸንቷል ወይ? የተገኘው ውታፍ ነው ወይስ ጠጠር፣ ጠጠር ከሆነስ ምን ዓይነት? የኩላሊቱ ምርመራ ወደ ቦታው ተመልሷል? በሌሊት ችግር ቢፈጠር የት ልደውል? የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ «ገና ነው» ከሆነ ጥቂት ሰዓት መቆየት ይሻላል።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት፦ ሽንቱን መቁጠር

ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ድመቱን አንድ ክፍል ውስጥ ለብቻው ያቆዩት። ንጹሕ አሸዋ፣ ውሃ፣ ምግብ፣ መተኛ፣ ከተቻለ ደግሞ የሚደበቅበት ካርቶን ይኑረው። ግቢ ውስጥ እየዞረ የሚሸና ድመት ከሆነ በዚህ ሳምንት አይውጣ። ውጭ የሚሸናን ድመት ማንም አይቆጥረውም፤ ተዘግቶበት ሁለት ቀን አልፎት የሚታወቀውም ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ነው። ቤት ውስጥ ሌላ ድመት ካለ መለየቱ ሁለት ጥቅም አለው። ሽንቱ የማን እንደሆነ አያሳስትም። ከዚያም በላይ ታሞ የተመለሰው ድመት የክሊኒክ ሽታ ስለሚሸት ሌሎቹ እንደ እንግዳ ሊቆጥሩትና ሊያፏጩበት፣ አልፎም ሊጣሉት ይችላሉ። ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ሽታው ሲለቀው ይረጋጋሉ።

አንድ ወረቀት ግድግዳው ላይ ይለጥፉና ሰዓት፣ መጠንና ቀለም ይመዝግቡ። በቤቱ ውስጥ ያለ ሁሉ ይጻፍበት። «አንቺ አይተሽ ይሆናል ብዬ ነው» «አንተ ያየኸው መስሎኝ» እየተባባሉ ድመቱ ሳይሸና አንድ ቀን የሚያልፍበት ቤት ጥቂት አይደለም።

ጤነኛ ድመት በቀን ከሁለት እስከ አራት ጊዜ ይሸናል። አራት ኪሎ ገደማ የሚመዝን ድመት በቀን የሚሸናው በግምት ከአንድ እስከ ሁለት የቡና ስኒ ይሆናል። የሚረጋ የድመት አሸዋ የሚጠቀሙ ከሆነ እብጠቱን ይዩ፦ የእንቁላል ያህል ከሆነ ጥሩ ነው፤ የባቄላ ፍሬ የሚያህሉ ብዙ ቁርጥራጮች ከሆኑ ፊኛው ገና ተቆጥቷል ወይም መንገዱ እየጠበበ ነው። ተራ አሸዋ፣ አፈር ወይም ሰጋቱራ የሚጠቀሙ ከሆነ መጠኑን ማየት ያስቸግራል። ለዚህ ሳምንት ሳጥኑ ላይ የተቀደደ ጋዜጣ ማንጠፍ ይቻላል፤ እርጥበቱም ቀለሙም በግልጽ ይታያል። ድመቱ ወረቀቱን እምቢ ካለ ግን አያስገድዱት፤ የለመደውን መልሰው ጥቂት ብቻ ይጨምሩለት።

ቤተሰብን የሚያደናግረው ይህ ነው፦ ካቴተር የወጣለት ድመት ለጥቂት ቀናት ቶሎ ቶሎ መሽናቱና ሽንቱ ሮዝ ማለቱ የሚጠበቅ ነው። ቱቦውም ፊኛውም ቆስለዋልና። ታዲያ እየዳነ ያለውን ድመት እንደገና ከተዘጋበት በምን እንለያለን? በምልልሱ ብዛት አይደለም፤ በሚወጣው ድምር ነው። ስምንት ጊዜ ሄዶ ስምንቱንም ጊዜ ትንሽ ትንሽ ከሸና፣ ምግቡን ከበላና ከተጫወተ ይከታተሉት፤ ለሐኪሙም ደውለው ያሳውቁ። ስምንት ጊዜ ሄዶ ጠብታ ብቻ ከወጣው ወይም ደረቅ ሆኖ ከተገኘ ተዘግቷል ብለው ይነሡ።

ሐኪሙን «ፊኛውን እንዴት እንደምነካ ያሳዩኝ» ብሎ መጠየቅ ጥሩ ነው። በሆዱ የኋላ ክፍል፣ ከኋላ እግሮቹ ፊት ለፊት፣ በቀስታ ሲዳሰስ ባዶ ፊኛ አይገኝም ወይም ለስላሳ ነው። የተዘጋ ፊኛ እንደ ትልቅ ሎሚ ወይም እንደ ብርቱካን ክብ ሆኖ ይጠነክራል፤ ድመቱም ሲነካ ያመዋል። ጨምቆ ለማስወጣት ግን ፈጽሞ አይሞክሩ፤ የተወጠረ ፊኛ ሊፈነዳ ይችላል።

ከሚከተሉት አንዱን ካዩ ወዲያውኑ ወደ ክሊኒክ ይውሰዱት፦

– እያማጠ ሽንት አለመውጣቱ ወይም ጠብታ ብቻ መውጣቱ
– ለ12 ሰዓታት ያህል ምንም ሽንት አለመታየቱ፣ ባያምጥም እንኳ
– ሲሸና መጮህ፣ ብልቱን ያለማቋረጥ መላስ፣ ጫፉ ማበጥ ወይም መጥቆር
– ማስታወክ፣ ምግብ መተው፣ መደበቅ
– መድከም፣ ሰውነቱ መቀዝቀዝ፣ ሲጠሩት አለመነሣት

የመጨረሻው ምልክት ድመቱ «ተረጋጋ» ማለት አይደለም። ሲጮህና ሲመላለስ የነበረ ድመት በድንገት ጸጥ ካለና ከተኛ መርዙ ወደ ልቡ እየደረሰ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ከሁሉም አስቸኳይ ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። ብዙ ሰው ድመቱ ሲያምጥ አይቶ የሆድ ድርቀት ነው ይላል፤ ዘይት ያጠጣዋል፤ አንድ ቀን ያልፋል። ወንድ ድመት ሲያምጥ ካዩ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሽንቱ ነው፤ ሰገራው የሚታሰበው ሽንቱ መውጣቱ ከተረጋገጠ በኋላ ነው።

በአንገቱ ላይ የተደረገለትን ኮን ሐኪሙ አውልቁ እስኪል አያውልቁበት። ድመት ሲያመው ይልሳል፤ ምላሱ ሻካራ ስለሆነ የላሰው ቦታ ያብጣል፤ ያበጠውም ጠባቡን ቱቦ ይዘጋል። ኮኑ መብላት ከከለከለው አጠገቡ ቁጭ ብለው አውልቀው ያብሉትና መልሰው ያድርጉለት።

መድኃኒቶች

አብዛኛውን ጊዜ የሚታዘዘው የሕመም ማስታገሻ ነው። ቡፕረኖርፊን በድድና በጉንጭ መካከል ይጨመራል፤ ጋባፔንቲን ደግሞ በአፍ ይሰጣል። ሁለቱም ሊያፈዙት ይችላሉና እግሩ ቢንገዳገድ አይደንግጡ፤ ከፍ ካለ ቦታ እንዳይወድቅ ብቻ ይጠንቀቁ። የቱቦውን ጡንቻ ያላላል ተብሎ ፕራዞሲን ለረጅም ዓመታት ሲታዘዝ ቆይቷል። በቅርብ ዓመታት የወጡ ጥናቶች ጥቅሙን አጠራጣሪ ስላደረጉት አንዳንድ ሐኪሞች ትተውታል፤ ሌሎች አሁንም ያዙታል። የእርስዎ ሐኪም ካዘዘው የደም ግፊት ሊያወርድ ስለሚችል ድመቱ ከመጠን በላይ ከደከመ ይደውሉ።

ከቤት መድኃኒት ሣጥን ምንም አይስጡት። ፓራሲታሞል ለድመት መርዝ ነው፤ የድመት ጉበት ሊያስወግደው ስለማይችል ደሙ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል፤ አንድ ክኒን ብቻ ሊገድል ይችላል። ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪንም አደገኛ ናቸው፤ ገና እያገገመ ያለውን ኩላሊት ይጎዳሉ። አሞክሳሲሊን ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ መስጠትም ሽንት ተመርምሮ ባክቴሪያ ካልተገኘ በስተቀር አይጠቅምም።

ሽንት ያሸናል ተብሎ ለሰው የሚሰጥ መድኃኒት፣ የገብስ ውሃ፣ ተልባ ወይም ሌላ የቤት መላ በተዘጋ ድመት ላይ ጉዳቱን ያብሰዋል። መውጫው በተደፈነበት ፊኛ ላይ ተጨማሪ ሽንት መግፋት ማለት ነውና። ሎሚና ኮምጣጤ በውሃው ላይ መጨመርም አይገባም፤ ምክንያቱን ከታች እንመለስበታለን።

ውሃ

ለወደፊቱ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ከቻሉ ይህን ይለውጡ። የተበረዘ ሽንት ክሪስታል አያጠራቅምም፣ የቆሰለውን ፊኛም እምብዛም አያቃጥልም። ድመት ከበረሃ እንስሳት የወረደ ነውና ሲጠማው ቶሎ አይጠጣም፤ ሽንቱን አጥብቆ ይቆጥባል። «ውሃ አስቀምጬለታለሁ» ማለት ስለዚህ በቂ አይደለም።

ዋናው መንገድ በምግብ ውስጥ ማግባት ነው። በጣሳ ወይም በከረጢት የሚሸጥ እርጥብ ምግብ ከመቶው ሰባ አምስት እጅ በላይ ውሃ ነው፤ ደረቁ ፍሬ ግን አሥር እጅ ያህል ብቻ ነው። አራት ኪሎ የሚመዝን ድመት ከምግቡም ከሚጠጣውም ተደምሮ በቀን 200 ሚሊ ሊትር አካባቢ ፈሳሽ ያስፈልገዋል። እርጥብ ምግብ የሚበላ ድመት አብዛኛውን ከሳህኑ ያገኘዋል። እርጥብ ምግብ በማይገኝበት ወይም ዋጋው በሚከብድበት ቦታ ደረቁን በሞቅ ያለ ውሃ አርሶ ማቅረብ ይቻላል፤ በአንድ የሾርባ ማንኪያ ይጀምሩና በየቀኑ ጥቂት ይጨምሩ። የረጠበ ምግብ ይበላሻልና ሳይበላ የቀረውን ከጥቂት ሰዓት በኋላ ይድፉት።

ዶሮ ወይም ሥጋ የተቀቀለበትን ውሃ ብዙ ድመቶች ይወዱታል። ያለ ጨው፣ ያለ ሽንኩርትና ያለ ነጭ ሽንኩርት መሆን አለበት። ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። የወጥ ትራፊ ለድመት የማይሆነው ለዚህ ነው፤ በርበሬው ብቻ አይደለም ችግሩ።

የውሃ ሳህኖቹን ሁለት ሦስት ያድርጓቸው፤ ከምግቡና ከአሸዋው ራቅ ብለው በተለያየ ቦታ ይቀመጡ። ሰፊ ሳህን ጢሙን ስለማይነካው ይመርጣል። ከቧንቧ የሚወርድ ውሃ የሚወድ ድመት ካለዎት ጠዋትና ማታ ትንሽ ይክፈቱለት፤ በመብራት የሚሠራ የድመት ምንጭ መግዛትም ይቻላል፤ ግዴታ ግን አይደለም። ወተት የውሃ ምትክ አይደለም፤ አብዛኛው ያደገ ድመት ወተት ያስቀምጠዋል።

ምግብ

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዋናው ጥያቄ ይብላ ወይስ አይብላ ነው። ለሁለትና ሦስት ቀን ሳይበላ የቆየ ድመት፣ በተለይ ወፍራም ከሆነ፣ ጉበቱ በስብ ተሞልቶ ለሌላ ከባድ ሕመም ይጋለጣል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚወደውን ይብላ። የታዘዘለት ልዩ ምግብ ካለ ተረጋግቶ በደንብ መብላት ከጀመረ በኋላ ከለመደው ጋር ቀላቅለው ከሰባት እስከ አሥር ቀን ባለ ጊዜ ውስጥ ያሸጋግሩት። ታሞ ሳለ የቀረበለትን አዲስ ምግብ ከሕመሙ ጋር አያይዞ ለዘለቄታው ሊጠላው ይችላል።

የትኛው ልዩ ምግብ እንደሚሆን የሚወስነው የጠጠሩ ዓይነት ነው። ስትሩቫይት የሚባለው ጠጠር በተለይ ለዚያ በተዘጋጀ ምግብ በጥቂት ሳምንታት ሊሟሟ ይችላል። ካልሲየም ኦክሳሌት ግን በምንም ምግብ አይሟሟም፤ መውጣት ያለበት በቀዶ ሕክምና ወይም በሌላ መሣሪያ ነው። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የድመት ምግብ አምራቾች ስትሩቫይትን ለመከላከል ማግኒዚየሙን ቀንሰው ምግቡ ሽንትን አሲዳማ እንዲያደርግ ለወጡት። ስትሩቫይት ቀነሰ። በቀጣዮቹ ዓመታት ግን በአሜሪካ ካርል ኦዝቦርን በ1981 ያቋቋሙት የሚኒሶታ የሽንት ጠጠር ማዕከል ከሚመረምራቸው የድመት ጠጠሮች መካከል የካልሲየም ኦክሳሌት ድርሻ እየበዛ መጣ። ሎሚና ኮምጣጤ በግምት መጨመር አይገባም ያልነው ለዚህ ነው፤ ከአንዱ ጠጠር ሲሸሹ ሌላውን መጥራት ሊሆን ይችላል። ድመትዎ ጠጠር ወይም ውታፍ ከወጣለት ለምርመራ እንዲላክ መጠየቅ ዋጋ አለው።

ልዩ ምግብ በማይገኝበት ከተማ ላሉ ቤተሰቦች የምንለው፦ ውሃው ከምግቡ ምርት ስም ይበልጣል። ቤት ውስጥ የሚዘጋጅ ምግብ ለመስጠት ካሰቡ ግን ከሐኪም ጋር ይመካከሩ። ድመት ሥጋ በል ነው፤ ከሥጋ ብቻ የሚያገኘው ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር ሲጎድለው ልቡና ዓይኑ ይጎዳሉ። ሥጋ ብቻ ወይም ጉበት ብቻ አዘውትሮ መስጠትም የማዕድኑን ሚዛን ያዛባል። በጾም ወቅት ቤት ውስጥ የሥጋ ዘር ስለሚጠፋ ድመቱ ሽሮ በእንጀራ ሲሰጠው ይታያል። ድመት ግን አይጾምም፤ በተለይ ከዚህ ሕመም የተነሣ ድመት በእነዚያ ሳምንታት የራሱ ምግብ ሊታሰብለት ይገባል።

ጭንቀት የሽንት ጉዳይ ነው

ይህን ክፍል ብዙ ሰው ያልፈዋል፤ ለድመት ጭንቀት ማሰብ ቅንጦት ይመስላልና። በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቶኒ ባፊንግተንና ባልደረቦቻቸው ለዓመታት ያጠኑት ግን ይህንኑ ነው፦ በእነዚህ ድመቶች ላይ የፊኛው መቆጣት ከአእምሮና ከነርቭ የጭንቀት ሥርዓት ጋር የተሳሰረ ነው፤ የሚኖሩበት ሁኔታ ሲስተካከል ሕመሙ ይቀንሳል።

ድመትን የሚያስጨንቀው ሰውን ከሚያስጨንቀው የተለየ ነው። ቤት መቀየር፣ የቀለም ሽታ፣ አዲስ ሕፃን፣ በበዓል የሚመጣ እንግዳ፣ መስኮት ላይ የሚቆም የጎረቤት ድመት፣ የሚወደው ሰው ጉዞ መሄድ ሁሉ ሽንቱን ሊነካ ይችላል። በዓል እየደረሰ ከሆነ ሰው የማይገባበት ክፍል ያዘጋጁለት። ምግብና ጨዋታ በተመሳሳይ ሰዓት ይሁን። ከፍ ብሎ የሚቀመጥበት ቦታ ይኑረው፤ ቁም ሣጥን ላይ የተነጠፈ አሮጌ ጋቢ ይበቃዋል።

የአሸዋ ሳጥኖች ቁጥር ከድመቶቹ ቁጥር በአንድ ይብለጥ። ሁሉም አንድ ጥግ ከተደረደሩ እንደ አንድ ይቆጠራሉ፤ ይለያዩ። በየቀኑ ይጸዱ፤ ቆሻሻ ሳጥን የጠላ ድመት ሽንቱን ይይዛል። ከሳጥኑ ውጭ የሸናን ድመት መምታት ወይም መጮህበት ነገሩን ያብሰዋል፤ ከሕመም በኋላ ወለል ላይ የሸና ድመት ያሳዘነዎት ቢመስልም ቢያንስ መሽናቱን ነግሮዎታል። ይመዝግቡት።

ደጋግሞ ከተዘጋ

አንዳንድ ድመት ሁሉም ነገር ተደርጎለትም ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ ይዘጋበታል። በዚህ ጊዜ ሐኪሙ የቱቦውን ጠባብ ጫፍ አስወግዶ ሰፋ ያለ መውጫ የሚከፍት ቀዶ ሕክምና ሊያነሣ ይችላል። ድመቱ ከዚያ በኋላ እንደ ወትሮው ሮጦ፣ ተጫውቶና በሳጥኑ ሸንቶ ይኖራል። ነገር ግን ቀዶ ሕክምናው መውጫውን ያሰፋል እንጂ የፊኛውን መቆጣት አያድንም። ደም የቀላቀለ ሽንት ሊመለስ ይችላል፤ የባክቴሪያ ኢንፌክሽንም ከበፊቱ ይልቅ ይቀርበዋል። ቁስሉ እስኪድን ከ10 እስከ 14 ቀን ኮኑ አይወልቅም፤ አሸዋ ቁስሉ ላይ እንዳይጣበቅም በወረቀት ይተካል። ቀዶ ሕክምናውን ብዙ ጊዜ የሠራ ሐኪም መምረጥ ተገቢ ነው፤ መውጫው መልሶ ሊጠብ ይችላልና።

ወጪው

ስለ ገንዘብ ሳይናገሩ ስለዚህ ሕመም መጻፍ ሐቀኝነት አይሆንም። በአሜሪካ ለአንድ ጊዜ መክፈቻና ለጥቂት ቀን ቆይታ ከሺህ ዶላር በላይ መጠየቁ የተለመደ ነው። በኢትዮጵያ ደግሞ ችግሩ የገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ብዙዎቹ የእንስሳት ክሊኒኮች ለከብትና ለበግ የተቋቋሙ ስለሆኑ የድመት ካቴተር ላይኖራቸው ይችላል። ድመቱን ይዘው ከመውጣትዎ በፊት ደውለው «ሽንቱ የተዘጋበት ወንድ ድመት ታክማላችሁ?» ብለው ይጠይቁ። በአዲስ አበባ የትንንሽ እንስሳት ክሊኒኮች አሉ፤ በቢሾፍቱም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ይገኛል። ወንድ ድመት ያለው ቤተሰብ ይህን ስልክ ድመቱ ሳይታመም ቢይዝ መልካም ነው።

ሙሉ ሕክምናውን መክፈል ካልቻሉ በግልጽ ይናገሩ፤ አይፈሩ። ሐኪሙ የሚያቀርበው ሌላ መንገድ ሊኖር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2010 የኦሃዮ ስቴት ሐኪሞች ባሳተሙት ጥናት ቤተሰቦቻቸው መደበኛውን ሕክምና መክፈል ያልቻሉላቸው 15 ድመቶች ያለ ካቴተር ታክመው ነበር፦ ፊኛቸው በመርፌ እየተቀዳ፣ ማረጋጊያና ማስታገሻ እየተሰጣቸው፣ ጸጥ ባለ ቦታ ተቀምጠው። ከ15ቱ 11ዱ በራሳቸው ሸኑ። ከመደበኛው ሕክምና አይተካከልም፤ በጣም ለታመመ ወይም ጠጠር ላለበት ድመትም አይሆንም። ምንም ካለማድረግ ግን በእጅጉ ይሻላል።

ሕክምናው ከአቅም በላይ ከሆነና ሌላ መንገድ ከጠፋ፣ ድመቱ በሐኪም እጅ ያለ ሥቃይ እንዲያርፍ ማድረግ ሊጤን ይገባል። ከባህላችን ጋር የሚከብድ ውሳኔ መሆኑን እንረዳለን። ቤት ውስጥ «ራሱ ይሻለው ይሆናል» ብሎ መተው ግን ለድመቱ ከሁሉም የከፋው ሥቃይ ነው፤ የተዘጋ ፊኛ እስከ መጨረሻው ያማልና።

ቀጣይ ምርመራ

ሐኪሙ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሳምንት ውስጥ መልሶ ማየት ይፈልጋል። ድመቱ ደህና ቢመስልም አይቅሩ። ሽንቱ ይመረመራል፣ የኩላሊቱ ውጤት ይታያል፣ ክብደቱ ይለካል፤ አስፈላጊ ከሆነ ራጅ ወይም አልትራሳውንድ ይነሣል። የመዘገቡበትን ወረቀት ይዘው ይሂዱ፤ ለሐኪሙ ከማንኛውም ገለጻ የበለጠ ይነግረዋል። ሽንቱ ምን ያህል የተበረዘ እንደሆነም ይጠይቁ፤ በመለኪያው ከ1.035 በታች ሲሆን ውሃው በቂ መግባቱን ያሳያል።

ወፍራም ከሆነ ክብደቱን መቀነስ ይጀመራል፤ በዝግታ ግን፣ በወራት እንጂ በሳምንታት አይደለም። ወደ ግቢ መውጣት የለመደ ድመት ከሆነ ከቀጣዩ ምርመራ በኋላ ሐኪሙ ሲፈቅድ ይለቀቅ፤ ያኔም ቢሆን ማታ ማታ ቤት ገብቶ በሳጥኑ እንዲሸና ማስለመድ ይጠቅማል። በየቀኑ መቁጠሩን ከሁለት ሳምንት በኋላ ማቆም ይችላሉ፤ ሳጥኑን ስታጸዱ እብጠቶቹን በዓይን መቁጠር ግን ድመቱ እስካለ ድረስ ይቀጥላል።